መርፌዋ እስክትወርድ

ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ከሌላው ሙዚቃ ወዳድ የሚለየው በጆሮው ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሚለየው በምላሱ ነው። ሌላው ሰው አንድ ሙዚቃ ሲወድ ይከፍተዋል፣ ይሰማዋል፣ ካማረው ያንጎራጉረዋል፤ በቃ። ሸክላ ሰብሳቢ ግን መጀመሪያ የት አገር እንደታተመ ይጠይቃል። ቀጥሎ መቼ። ቀጥሎ ስንተኛ ህትመት። ከዚያ ሽፋኑን ገልብጦ ጀርባውን ያነባል፤ ሸክላውን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዞ ያወጣና ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ጭረት ይፈልግበታል። ጭረት ካገኘ ያዝናል፤ ካላገኘ ይጠረጥራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሙዚቃው ገና አልተጀመረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገርጂ አካባቢ አንድ ወዳጃችን ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች ነን። ማኅበር እንዳንባል ዝክር የለንም፤ ዕድር እንዳንባል ጡሩምባ ነፊያችን ማይልስ ዴቪስ ነው። የሚያሰባስበን ጃዝ ነው፤ የኛውም የፈረንጁም። የሚያጣላንም እሱው ነው።

የቤቱ ባለቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሸክላዎቹን በመዝገብ ይዟቸዋል፦ የገባ፣ የወጣ፣ በውሰት ያለ፣ ተስፋ የተቆረጠበት። በመጨረሻው ዓምድ ሥር የእኔ ስም ይበዛል ይባላል፤ መዝገቡን ስለማያሳየኝ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሁለተኛውን «ኦሪጅናል» እንለዋለን፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ከመካከላችን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በእሱ እምነት ሙዚቃ የሚታተመው አንዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ፎቶ ኮፒ ነው። ሦስተኛው መምህር ነው፤ ዳግም የታተመ ሸክላ ይወዳል። ዳግም የታተመ ሸክላ ውስጡ ጽሑፍ አለዋ! ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ የትኛው ሆቴል፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ። መምህሩ ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ሙዚቃውን የሰማው ያህል ስለሚረካ አንዳንዴ ሳያጫውተው ይመልሰዋል።

አራተኛው «ላስቲክ» ነው። ላስቲክ አዲስ ሸክላ ይገዛል እንጂ የታሸገበትን ላስቲክ ቀዶ አያውቅም። ማጫወቻም የለውም። አንድ ቀን ለምን እንደማይገዛ ጠየቅነው። «ከገዛሁማ ልከፍታቸው ነዋ!» አለ። ፊቱ ላይ ያየነው ድንጋጤ የምር ስለነበር ሁለተኛ አልጠየቅነውም።

ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአምሃ እሸቴ ሸክላዎች ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያም ሆኖ በየጊዜው እንደ አዲስ እንተርከዋለን። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። ሀገር ፍቅር ደግሞ ለነዚያ ሱሪያቸው እግር ላይ ለሰፋ ወጣት ዘፋኞች ብዙም አልቸኮለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ የመጣው ይምጣ ብሎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ይህን ያህል የመጣ ነገር አልነበረም። እስከ 1975 ባለው ጊዜ ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚሆኑ ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» ከነዚያ አንዱ ነው። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ኦሪጅናል ከነዚህ ሸክላዎች የተወሰኑት አሉት። ሊያሳየን ሲያወጣቸው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ለምሳ እንኳ እንደዚያ ሲታጠብ አይቼው አላውቅም። መምህሩ ይህን ጊዜ ይጠብቃል።

«ኦሪጅናል የምትለው እኮ መጀመሪያ የታተመው ህንድ አገር ነው፤ ኋላ ደግሞ ሊባኖስ። ታዲያ ቤይሩት ለአዲስ አበባ ዳግም ከሚታተምበት ከፓሪስ በምን ትበልጣለች?»

«ያኔ ነዋ የታተመው!» ይላል ኦሪጅናል።

«ያኔ ታትሞ ዛሬ ምን ቀረለት?»

እዚህ ላይ መምህሩ እውነት አለው። እነዚያ ትናንሽ ሸክላዎች የመስታወት ቁም ሣጥን አላዩም። በየመጠጥ ቤቱ፣ በየድግሱ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ፣ ክብደቱ እንደ ማረሻ በሆነ መርፌ ሲታረሱ ነው የኖሩት። ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው። የኦሪጅናል ሸክላ ሲጫወት ከዘፋኙ ቀድሞ የሚሰማው መንጣጣቱ ነው። አንድ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ ለቡናው ፈንዲሻ ሲፈነዳ የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቅቶን ነበር። ፈንዲሻው ቀርቦ በልተን ስንጨርስም መንጣጣቱ ቀጠለ፤ ያኔ ነው የለየነው። ኦሪጅናል ግን አልደነገጠም። «መንጣጣቱ ነው እኮ ታሪኩ» አለ።

የመምህሩ ጀግና ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ቀልቡን ሳተ፤ አዲስ አበባ ድረስም መጣ። የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ብራሰልስ ባለው ክራምድ ዲስክስ በኩል ለአውሮፓ ወጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ያወጣ ጀመር። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው፤ በ1998 ወጣ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ ውስጥ አስገባውና ቢል መሬይ በሙላቱ ቫይብራፎን እየታጀበ የአሜሪካን ጎዳና በመኪና ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙው የአዲስ አበባ ጎረምሳ አባቱ የጨፈረበትን ሙዚቃ ከአሜሪካ ፊልም የተማረው፤ ተምሮም ሊያስተምረን የመጣው። አባቱ ሊነግረው ሞክሮ እንደነበር ማን ያምነዋል? አባት ሲናገር የፊልም ማጀቢያ የለውም።

አባት ካልሁ እናትም አሉ። የቤቱ ባለቤት እናት ሰማንያውን አልፈዋል፤ እማማ እንላቸዋለን። ክርክራችን ሲግል ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ጥግ ላይ ቁጭ ይላሉ። የሚሰሙን አይመስለንም ነበር። ታዲያ አንድ እሑድ ኦሪጅናል አዲስ ያገኛትን ባለ 45 ከፍ አድርጎ ሲያሳየን እማማ መነጽራቸውን አደረጉና ትንሽ አዩዋት።

«ይቺንማ የበርበሬ ቆርቆሮ ከድኜባታለሁ» አሉ።

ኦሪጅናል እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይቺኑ ነው እማማ?»

«መሰለችኝ። ክዳኑ ጠፍቶብኝ፤ እሷ ደግሞ ልክክ አለች።»

«መሀሏ ላይ ያለው ወረቀት ምን ቀለም ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ። ክብ ናት። ጥቁር ናት።»

«አሁን የት አለች?»

«ኤዲያ! ካሴት የመጣ ጊዜ ሁሉንም ጠራርጌ ለልዋጭ ሰጠኋቸው። ለነሱ ነው እንግዲህ ያቺን ሳህን የሰጠኝ» አሉና ፈንዲሻ የያዘችውን ሳህን በአገጫቸው አሳዩን።

ሳህኗን ለመጀመሪያ ጊዜ በክብር አየናት። የሒሳብ ሠራተኛው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እያባዛ መሆኑ ነው። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ትልቁ ሸክላ ብቻውን በሺዎች ዶላር የተጠየቀበት ዘመን ነው። መምህሩ ግን አጋጣሚውን ሊያልፈው አልፈለገም፤ ያንን ዘመን በአካል ያየ ምስክር ተገኝቷልና። «እማማ፣ ድምፁ የትኛው ይሻላል ይላሉ? ያኔ የሰሙት ወይስ አሁን ዳግም የታተመው?»

«እኛ ጨፈርንበት እንጂ መቼ ተነጋገርንበት?» አሉና ወደ ጋቢያቸው ተመለሱ።

እማማ በሌላም ነገር ይለያሉ። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ከነሙሉ ኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ፣ ሙላቱ አጃቢው ሆኖ፣ ንጉሡም ኒሻን ሸልመውት ሄዷል። ያን ምሽት ነበርኩ የሚለኝን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ብሰበስበው ስታዲየም አይበቃውም፤ አንዳንዶቹ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለዱም። አልነበርኩም ያሉኝ እማማ ብቻ ናቸው። ተጋብዘው ነበር። «የዚያን ቀን ፀጉሬን አልተሠራሁም» ነው ያሉት።

ኦሪጅናልን ክፉኛ ያናወጠው ግን እማማ ሳይሆኑ ማይልስ ዴቪስ ነው። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የሚለውን አልበም ጃዝ የማይወደውም ሰው ያውቀዋል። ቀረጻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1959 ኒውዮርክ፣ 30ኛው ጎዳና በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። ሳክስፎን ላይ ኮልትሬን አለ፣ ካነንቦል አደርሊ አለ፣ ፒያኖው ላይ ቢል ኤቫንስ፤ ለአንዱ ዜማ ብቻ ዊንተን ኬሊ። ሁሉም ሙያውን የሚያውቅ ነው፤ ከቴፕ መቅጃው በቀር። የዚያን ዕለት ዋናው መቅጃ ከሚገባው ፍጥነት ትንሽ ዘግይቶ ይሽከረከር ነበር። ዘግይቶ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲከፈት ፈጠን ይላል፤ ድምፁም ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ፣ ሦስቱ ዜማዎች ሁሉ፣ ከተጫወቱት ቃና ትንሽ ከፍ ብለው ታተሙ። ሸክላውን ከፍቶ አብሮ ለመለማመድ የተቀመጠ ፒያኒስት ፒያኖው የተበላሸ እየመሰለው ቃኚ ቢጠራ አይፈረድበትም። ነገሩ የተስተካከለው በ1992 ነው፤ በዚያው ዕለት በሌላ መቅጃ ላይ የተያዘ መጠባበቂያ ቴፕ ተገኝቶ። ዓለም ለ33 ዓመት ያህል በተሳሳተ ፍጥነት ሰማው ማለት ነው፤ ትልቅ ሸክላ በደቂቃ የሚዞረውን ያህል ዓመት።

መምህሩ ይህን ከአንድ ዳግም ህትመት ጀርባ አንብቦ ሲነግረን የተደሰተውን ደስታ ለሠርጉ እንኳ አልተደሰተም ይላሉ የሚያውቁት። «እንግዲህ» አለ ወደ ኦሪጅናል ዞሮ፣ «እውነተኛው የትኛው ነው? የ1959ኙ ወይስ የ1992ቱ?»

ኦሪጅናል ቡናውን ጠጥቶ እስኪጨርስ አልመለሰም። አቦሉን ጨርሶ ቶናውን ተቀበለ። ከዚያ፣ «ስህተቱም ኦሪጅናል ነው» አለ።

እኔ በበኩሌ ለዚህ መልስ ባርኔጣ ባደርግ ኖሮ አወልቅለት ነበር። ሰው ለእምነቱ እዚህ ድረስ መሄድ አለበት። ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት የወደደው የትኛውን ነው? የፈጠነውን አይደለም እንዴ? ኮልትሬን እንደዚያ አልነፋም ማለት ይቻላል፤ እኛ እንደዚያ አልሰማንም ማለት ግን አይቻልም።

መምህሩ አሸንፌያለሁ ብሎ እንደተቀመጠ ግን አልቀረም፤ ለእሱም እ.ኤ.አ. በ2022 ተራው ደረሰው። ሞባይል ፊደሊቲ የሚባል የካሊፎርኒያ አሳታሚ አለ፤ ከዋናው ቴፕ ላይ እየወሰደ ውድ ውድ ዳግም ህትመቶች ያወጣል። ገዢው ይገዛ የነበረው ዲጂታል ያልነካው ነው ብሎ ነው። በዚያ ዓመት አሪዞና ውስጥ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ነገሩን አነሳውና የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው አረጋገጡት፦ በሂደቱ መካከል ለዓመታት ዲጂታል ቅጂ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እኔን ግን የገረመኝ ክሱ አይደለም። ዲጂታል ድምፅ ይበርደናል፣ ጥርሳችንን ያንገጫግጨዋል፣ ከሌላ ክፍል ሆነን እንለየዋለን ሲሉ የኖሩ ሰዎች እነዚያን ሸክላዎች እያቀፉ ሙቀታቸውን ያወድሱ ነበር። ያወቁት በጆሯቸው አይደለም፤ ሰው ነግሯቸው ነው። መምህሩም ከነዚያ ሸክላዎች አንዱ ነበረው፤ «ሰምተኸዋል?» ብንለው ገና ጽሑፉን አልጨረስኩም አለ። በዚህ መንገድ ዳነ።

ስለ ጆሮ ከተነሳ ብሉ ኖትን ማለፍ አይቻልም። አልፍሬድ ላየን የተባለ ከጀርመን የመጣ ሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ ያቋቋመው አሳታሚ ነው፤ ሸክላዎቹን ለረጅም ጊዜ ያተመለት ፋብሪካ ፕላስቲላይት ይባላል። ፋብሪካው መርፌ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ወደ መሀል ጠጋ ብሎ፣ «ፒ» የምትለዋን ፊደል በእጅ ጽሕፈት ያሳርፍ ነበር፤ ቅርጿ ጆሮ ስለሚመስል ሰብሳቢዎች «ጆሮው» ይሏታል። ከ1966 ወዲህ የታተመው ጆሮ የለውም፤ ጆሮ የሌለው ደግሞ ዋጋ የለውም። የወረቀቱ አድራሻም ይቆጠራል፦ ድርጅቱ ሌክሲንግተን ጎዳና ሳለ የታተመው ወደ 63ኛው ጎዳና ከተዛወረ በኋላ ከታተመው ይወደዳል። በዚህም ምክንያት ኦሪጅናል፣ ብሉ ኖት እጁ ሲገባ፣ ማጉያ መነጽር ያወጣል። ጆሮ ፍለጋ በዓይን ይገባበታል። የራሱ ሁለት ጆሮዎች ግራና ቀኝ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ።

የጌታቸው መኩሪያ ነገር ሲነሳ ግን አምስታችንም አንድ ወገን ነን። የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሰው የነበረው ጌታቸው ሽለላውን በሳክስፎን መንፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ ኦርኔት ኮልማን ኒውዮርክን በፍሪ ጃዝ ያወከው በ1959 ነው። የቀረውን ድምዳሜ ለአንባቢ እተዋለሁ፤ እኛ ድምዳሜውን በጭብጨባ ነው የምናሳልፈው። በእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ላይ ደግሞ አንስማማም። ፋልሴቶ በ21ኛው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ በ2006 ፒያኗቸውን ለዓለም አሰማ፤ ሱቆች ጃዝ መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው። ጃዝ ነው ወይስ ቅኝት ወይስ ጸሎት? የሒሳብ ሠራተኛው በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘግባቸው ግራ ገብቶት «ልዩ ልዩ» የሚል ከፍቶላቸዋል።

ዳግም ህትመትን የምከላከልበት አንድ ነገር ቢኖር ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት አሳዳጅ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘና በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ እንደገና የዓለም መድረክ ላይ ወጣ። ይህን ታሪክ መምህሩ ሲተርክ ኦሪጅናል እንኳ አያቋርጠውም። ሲያበቃ ብቻ፣ «ካሴቱ አለህ?» ይለዋል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ፤ ሸክላ ወደ አገራችን የሚገባው በሻንጣ ነው። በፖስታ ማስመጣት ይቻላል ይላሉ። ኦሪጅናል ሞክሮታል። አንድ መሥሪያ ቤት መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ ያስመጣው አሮጌ ሸክላ መሆኑን ካስረዳ በኋላ ከፈልኩት ያለውን ዋጋ ሠራተኛው ሊያምን አልቻለም። «ያገለገለ ነው እያልክ? ታዲያ አዲሱ ስንት ሊሆን ነው?» አለው። ኦሪጅናልም እውነቱን ተናገረ፦ አዲሱ ርካሽ ነው። ሠራተኛው ለአለቃው ጠቆመ፤ አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። ከዚያ ወዲህ ኦሪጅናል ፖስታ ሲባል ያመዋል።

ስለዚህ ተስፋችን የሒሳብ ሠራተኛው የአክስት ልጅ ናት፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ለጥምቀት ስትመጣ ሁለት ሻንጣ ትይዛለች፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ውስጥ ለእማማ የጉልበት መድኃኒት፣ ለወንድሞቿ ጫማ፣ ለሚዜዋ ልጅ ላፕቶፕ፣ ለማን እንደሆነ ለማታውቀው ሰው ደግሞ አንድ ሰው ያስያዛት የሽሮ ከረጢት የሚያህል ቫይታሚን አለ። ሸክላ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ቦታ ነው። ዳግም የታተሙት ደግሞ ዛሬ «180 ግራም» እየተባሉ በክብደታቸው ይሸጣሉ፤ ሥጋ ቤት ያለ ነው የሚመስለው። ውፍረቱ የቦዩን ጥልቀት አይጨምረውም፤ ድምፁ ያለው ቦዩ ውስጥ ነው። ይህን ለአክስት ልጅ የነገራት ሰው ስለሌለ በየዓመቱ ያንን ትርፍ ግራም በጀርባዋ ትሸከመዋለች።

የሙላቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮፒያ» እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ላይ የወጣ አልበም ነው። በ2017 ስትረት የተባለው የለንደን አሳታሚ ዳግም አወጣው፤ ባለ ሦስት ሸክላውም መጣ፦ ስቴሪዮው፣ ሞኖው፣ ከቀረጻው የተረፉት ሙከራዎች። የዚያን እሑድ ስብሰባችን ደመቀ። ኦሪጅናል የ1972ቱን ካላገኘሁ ሌላውን አላይም አለ። መምህሩ አንድ ዜማ በሦስት ዓይነት መግዛት ብክነት ነው አለ፤ ከመምህሩ አፍ ይህ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። የሒሳብ ሠራተኛው በጀት የለም አለ። ላስቲክ ሦስት ሸክላ በአንድ ላስቲክ መታሸጉን አልወደደውም። እኔም ከጨዋ ደንብ እንዳልወጣ አይገዛም አልኩ። በሙሉ ድምፅ አይገዛም ተብሎ ተለያየን።

ለጥምቀት የአክስት ልጅ መጣች። ቡና ከተፈላ፣ መድኃኒቱ ለእማማ ከተሰጠ በኋላ አንድ ትልቅ ጥቅል ከሻንጣው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊታችንን ተራ በተራ አየችን።

«አምስታችሁም በየግላችሁ ደውላችሁ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው ያዘዛችሁኝ» አለች። «አምስታችሁም ለሌሎቹ እንዳትነግሪ ብላችሁኛል። መጀመሪያ የተጣላችሁ መስሎኝ ነበር። አምስት ባመጣ ጫማው ሊቀር ነው፤ ስለዚህ አንድ ነው ያመጣሁት። ተካፈሉ።»

ለመካፈል ሞከርን። የሒሳብ ሠራተኛው ሦስት ሸክላ ለአምስት ሰው አካፈለና ቀሪው አስቸገረው። መምህሩ ሸክላውን ተዉት፣ ጽሑፉን ብቻ ስጡኝ አለ። ላስቲክ፣ እንዳይከፈት እንጂ የትም ይሁን አለ። ኦሪጅናል ነጠላ ከሆነ ዋጋው ይወድቃል ብሎ ጮኸ፤ ስለ ዳግም ህትመት ዋጋ ሲጨነቅ የመጀመሪያው ነበር። በመጨረሻ እማማ «ዕጣ አውጡና ገላግሉን» አሉ። ስማችን በወረቀት ተጽፎ ሳህኗ ውስጥ ተጣለ፤ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ።

ለላስቲክ ወጣ።

ጥቅሉን በሁለት እጁ ታቅፎ ቆመ። ማንም ምንም አላለም፤ ዕጣ የእግዜር ነው፤ መክፈት ግን የላስቲክ ነው። ይህን ያህል ከመጣ እንግዲህ አዋጥተን ማጫወቻ እንግዛለትና እሱ ቤት ሄደን እንስማው የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ያቀረበው ኦሪጅናል ነው። ሁላችንም ደገፍነው፤ ላስቲክም ከብዙ ልመና በኋላ አንገቱን ነቀነቀ። የሚገዛው ማጫወቻ በቀበቶ የሚዞር ይሁን ወይስ ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞረው በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። መምህሩ ያነበበው አለ፤ ኦሪጅናል ደግሞ የድሮ ካልሆነ አላዋጣም ብሏል።